ስህተቱን የማይደብቀው የቱ ነው?
ስለ ሲዲ መገልበጫና መጻፊያ ሶፍትዌሮች የቀረበ ሂስ

በዚህ እትም የምንሄሰው መጽሐፍ ሳይሆን ሶፍትዌር ነው። «ሶፍትዌር ደግሞ ምን ሂስ አለው? ከሠራ ሠራ፣ ካልሠራ ይጣላ!» የሚል አይጠፋም። እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው። አንድ ሲዲ ነው ሐሳባችንን ያስቀየረን።

ሲዲው እ.ኤ.አ. በ2008 በክበባችን የተቀዳ ነው። አንድ አባት ክራር እየደረደሩ ለልጆች እንጉርጉሮ ሲያስተምሩ፣ ልጆቹም ሲቀበሏቸው ይሰማል። እኚህ አባት ዛሬ ሦስተኛ አገር ናቸው። ልጆቹም አድገው ተበትነዋል። እዚህ ካኩማ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ስለሆነ፣ ለአማርኛ ክበባችን ይሄ ሲዲ የመማሪያ መጽሐፍ ያህል ነው። ሌላ ኮፒ ደግሞ የለውም።

አቧራው ሳይጨርሰው ወደ ኮምፒዩተር እንገልብጠው አልንና ብዙ ሰው በሚጠቀምበት፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ማጫወቻ ገለበጥነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀበት። «ተጠናቋል» አለን፤ እኛም ደስ ብሎን ዘጋነው። ከሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ስናሰማው ሦስተኛው ዜማ መሐል ላይ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ፤ የአባታችንም ድምፅ ተቆረጠ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኛ ግን ላብ አጠመቀን። ደግነቱ ዋናውን ሲዲ አልጣልነውም ነበር።

ነገሩ እንዴት ነው? ጽሑፍና ፎቶ የሚቀመጥበት ሲዲ ላይ ስህተት ማረሚያ የሚሆን ተጨማሪ መረጃ አብሮ ይጻፋል። የሙዚቃ ሲዲ ላይ ግን ይህ ተጨማሪ እርከን የለም። ስለዚህ ጭረት ሲያጋጥም አንባቢው ያልተነበበውን ቦታ በግምት ሞልቶ ሊያልፍ ይችላል። ግምቱ ትንሽ ከሆነ ጆሮ አይሰማውም፣ ትልቅ ከሆነ ቋ ይላል። እንግዲህ ጥያቄያችን «የትኛው ይፈጥናል?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ስህተቱን ይነግረናል?» ሆነ።

በዚህ ሚዛን አንደኛ የወጣው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ነው። ጀርመናዊው አንድሬ ቪትሆፍ ከ1998 ጀምሮ የሚያዘጋጀው፣ ለግል አገልግሎት በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። በጥንቃቄ ስልቱ እያንዳንዷን ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ ደጋግሞ ያነባል፤ በጣም በተጎዳ ቦታ ላይ እስከ 82 ጊዜ ይደርሳል። ሲጨርስ ሪፖርት ያወጣል፤ ያጠራጠረውን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ይጽፋል። የእኛን ሲዲ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲታገለው ዋለ። የሦስተኛውን ዜማ አብዛኛውን ክፍል አዳነልን። ሁለት ቦታ ግን «እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም» አለን።

እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ሲከፈት የሚያቀርበው ጥያቄ ብዛት ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ዘገምተኛም ነው። ለጀማሪ ፍሬአክ ይቀላል። ይሄኛው ከ2001 ጀምሮ ቦንክኤንክ በሚል ስም ይታወቅ የነበረ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን በሊኑክስም በማክም ይሠራል። ከምርጫዎቹ ውስጥ ሲዲ ፓራኖያ የሚባለውን ጥንቃቄ የተሞላበት ንባብ ማብራትን ግን አትርሱ። ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየርና አይቲዩንስም የስህተት ማረሚያ ምርጫ አላቸው፤ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ካላበራችሁት ግን ጠፍቶ ነው የሚቆየው።

ቀጥሎ የሚመጣው መጠን ነው። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ድምፅን ይለካል፤ በዚህም አንድ ደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይወስዳል። ፍላክ የሚባለው አሠራር ከድምፁ ምንም ሳይጥል በግምት ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ኤምፒ3 ግን ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፤ በ128 ኪሎቢት አንድ ደቂቃው 1 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ኤምፒ3 ለመሥራት ሌም የሚባለውን እንመርጣለን፤ ፍሬአክ ውስጥ አለላችሁ። ደንባችን እንዲህ ነው፦ ሌላ ኮፒ የሌለው ነገር በፍላክ ይቀመጥ፣ ለስልክና ለፍላሽ የሚታደለው ኤምፒ3 ይሁን። ለንግግር ብቻ ከሆነ በአንድ ቻናል 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ የአንድ ሰዓት ትምህርት 30 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ከኤምፒ3 ሲዲ ሠርቶ፣ ያንን መልሶ ኤምፒ3 ማድረግ ግን የካሴትን ግልባጭ እንደገና መገልበጥ ነው፤ በየዙሩ ድምፁ ይጎድላል።

ባዶ ሲዲ ላይ ለመጻፍ፣ ወይም እንደምንለው በርን ለማድረግ፣ ሁሉም ሰው ኔሮን ያውቃል። ሙሉ ስሙ ኔሮ በርኒንግ ሮም ነው፤ ሮምን አቃጠለ በሚባለው ንጉሥ ስም የተቀለደ። ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ግን ይሸጣል። ክራክ ተደርጎ በየፍላሹ የሚዞረውን ኮምፒዩተራችሁ ላይ ከምትጭኑ ባትጽፉ ይሻላል፤ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል። በነፃ ከሚገኙት ኢምግበርን የሚሠራውን ሁሉ በመስኮቱ ላይ ዘርዝሮ ያሳያል። የመጨረሻው እትሙ የ2013 ነው። ለሙዚቃ ግን መጀመሪያ የዜማዎቹን ቅደም ተከተል የያዘ ኪው ፋይል ማዘጋጀት ስለሚጠይቅ ያደክማል። ሊኑክስ ያላችሁ ኬስሪቢን ተጠቀሙ፤ ይገለብጣልም፣ ይጽፋልም።

ማንኛውንም ብትመርጡ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ሳይሞላ መጻፍ አትጀምሩ። መብራት መሐል ላይ ከሄደ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ ተበላሸ ማለት ነው። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢያንስ የሙዚቃ ሲዲ የሚይዘው 80 ደቂቃ ገደማ ነው። ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትመኑት፤ መልሳችሁ ገልብጡና አድምጡት። ከፀሐይም አርቁት፤ ብርሃንና ሙቀት የተጻፈበትን ቀለም ይጎዳሉ።

ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስንል ሁሌም «አዎ!» የሚል ተማሪ አለ፤ ችግሩ የሚታወቀው ፈተና ላይ ነው። «ይቺ ቦታ አልገባችኝም» የሚለው ግን ሰዓት ይወስድብናል እንጂ ጉድ አይሠራንም። ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው።

ያልተነበቡትን ሁለት ቦታዎች በሲዲው ልባስ ላይ ጽፈናቸዋል። ምናልባት ከእናንተ መሐል ያኔ ያንን ሲዲ የገለበጠ ወይም በካሴት የቀዳ ካለ፣ ቢቧጨርም ግድ የለም፣ ወደ ክበባችን ያምጣልን። የእኛ ኮፒ የጎደለውን የእናንተ ሊሞላው ይችላል።