ከስፌቱ ሥር ያለው ሹሩባ

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ፀጉር ቤት ገብታ ሂውማን ሄር የምታሰፋ ሴት ቀድማ የምትሠራው ሹሩባ ነው። የምዕራብ ጎጃም የገጠር እናቶች ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ተሠርተው ቅቤ የሚቀቡት ሹሩባ፣ እዚህ ከሥር ሆኖ ሌላውን ፀጉር ይሸከማል። እኔ የማደንቀው ይህንን የማይታየውን ሥራ ነው።

ጎበዝ ሠሪ ጉንጉኑን ቀጭንና ልጥፍ ያለ ታደርገዋለች፤ ከወፈረ ከላይ አብጦ ያሳብቃል። ከዚያ በቆልማማ መርፌ ክሩን በጉንጉኑ ዙሪያ እያዞረች፣ የራስ ቆዳውን ሳትነካ፣ ከማጅራት ጀምራ ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ ትሰፋለች። ዋናው ጥበብ ግንባር ላይ ነው። ከፊትና ከፀጉሩ መክፈያ መስመር ግራና ቀኝ የደንበኛዋን የራሷን ፀጉር ሳትጎነጉን ትተወዋለች፤ ስፌቱን የሚሸፍነው እሱ ነው። በዚያ ላይ ከርዳዳ ፀጉር ላላት ሴት ከርዳዳውን የሚመስል ሂውማን ሄር ቢመረጥላት፣ ቀጥ ካለው ይልቅ የራሷ ይመስላል። በየጊዜው በካውያ ከመተኮስም ትድናለች።

እህቶቼ፣ ሲያጠብቁባችሁ ዝም አትበሉ። የጠበቀ ጉንጉን የግንባርን ፀጉር ከሥሩ ያሳሳል። ሲያምም ንገሯቸው፤ ስፌቱንም ከ2 ወር በላይ አታቆዩት።