ርቀትን በጥቅልል ሽቦ መለካት

ኤልቪዲቲ የሚባለው ሴንሰር በቀጥታ መስመር የሚደረግን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። ከውጭ ሲያዩት ተራ የብረት ቱቦ ነው። ውስጡ ግን ሦስት የሽቦ ጥቅልሎች ተደርድረዋል፤ መካከለኛው ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ የአንዱ ቮልቴጅ ከሌላው እንዲቀነስ በተቃራኒ ተያይዘዋል። በቱቦው ክፍተት ውስጥ የኒኬልና የብረት ቅይጥ ኮር ወዲያ ወዲህ ይላል። ኮሩን ከሚለካው ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ማግኔት የማይስበው መሆን አለበት።

ኮሩ ልክ መሐል ላይ ሲቆም ሁለቱ ቮልቴጆች እኩል ስለሚሆኑ ይጠፋፋሉ፤ የሚቀረው ኢምንት ነው። ወደ አንዱ ወገን ሲጠጋ የዚያ ወገን ቮልቴጅ ይጨምራል፣ የሌላው ይቀንሳል፤ ልዩነቱም ርቀቱን ይናገራል። አቅጣጫውን የሚለየው ግን የቮልቴጁ ፌዝ፣ ማለትም ሞገዱ የሚወጣና የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ ኮሩ መሐሉን ባለፈ ቁጥር ፌዙ በ180 ዲግሪ ይገለበጣል። በመሆኑም ቮልት መለኪያ ብቻ የያዘ ቴክኒሻን 2 ሚሊሜትር ወደ ግራ ይሁን 2 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ አያውቅም። ፌዙን የሚያነብ ዲሞዱሌተር የግድ ነው። የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ድግግሞሽም ከዕቃው እንቅስቃሴ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይፈጥናል፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ ለሚመላለስ ዕቃ ከ1,000 ኸርዝ በታች አይበጅም።

ሌላው የርቀት መለኪያ፣ ተንሸራታች ጫፍ ያለው ፖቴንሺዮሜትር፣ ከኤልቪዲቲ በዋጋ ይረክሳል፣ ለብዙ ማሽንም በቂ ነው። ችግሩ ተንሸራታቹ ጫፍ መንገዱን እየፋቀ ማለቁ ነው፤ በተለይ ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ አዘውትሮ ሲመላለስ ያ ቦታ ቀድሞ ይበላል። ኤልቪዲቲ ውስጥ ኮሩ ጥቅልሉን ስለማይነካ የሚበላ ነገር የለም። በአንጻሩ የቱቦው ርዝመት ከሚለካው ርቀት በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ለረጃጅም የሃይድሮሊክ ሲሊንደሮች ማግኔቶስትሪክቲቭ ሴንሰር ይመረጣል፤ እሱ በብረት ሽቦ ላይ የሚሮጥ ሞገድ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል።

የአውሮፕላን ክንፍ መቆጣጠሪያ ሲሊንደሮች፣ የእንፋሎት ተርባይን ቫልቮችና የብረት ጥንካሬ መፈተሻ ማሽኖች ኤልቪዲቲን ይጠቀማሉ። ኤሌክትሮኒክሱን ከሙቀትና ከጨረር አርቆ ማስቀመጥ ስለሚቻል ኑክሌር ጣቢያ ውስጥም ይሠራል፤ በቦታው የሚቀረው ሽቦና ብረት ብቻ ነው።

ተከላው ላይ ዘንጉ ትንሽ ከተጣመመ ኮሩ የቱቦውን ግድግዳ ይፍቃል፤ ያኔ ያለ ንክኪ የመለካቱ ጥቅም ይቀራል። አሰላለፉ ሳይስተካከል የሚደረግ ካሊብሬሽን ትርፉ ድካም ነው።