የመቀስ ጥበብ እንዴት ይመዘናል

ቁጥቋጦን በመቀስ እየከረከሙ የክብ፣ የሾጣጣ ወይም የእንስሳ አምሳል ማስያዝ ከጥንት ሮማውያን ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ቢሆንም፣ ታላቁ ፕሊኒዮስም ጀማሪው የአውግስጦስ ቄሣር ወዳጅ የነበረው ማትዮስ ነው ብሎ ቢጽፍም፣ በ1952 ዓ.ም. በተቆረቆረችው በሐዋሳ ይህን ሥራ ሊመዝን የሚነሣ ሰው የአውሮፓን መለኪያ እንዳለ ይዞ ቢመጣ ፍርዱ ይዛነፍበታል። በዚያ አገር ብርዱ ተክሉን ለወራት አስተኝቶ መቀሱን ያሳርፈዋል፤ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ በተቀመጠችው በዚህች ከተማ ግን ቡቃያው ዕረፍት አያውቅምና፣ ዛሬ ተስተካክሎ የታየው ክብ ዝናብ ካገኘ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይንጨባረራል። ስለዚህ በተከረከመበት ዕለት ማማሩ ምስክር አይሆነውም፤ ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ መልኩን ጠብቆ የተገኘው እርሱ ይመስገን።

መርማሪው አስቀድሞ ሰዓቱን ይምረጥ። በቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ብዙ ጕድለት ትሸሽጋለች፤ ማለዳ ግን፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ አቅጣጫ በሚወስድ ጐዳና ዳር የተተከለውን አጥር ብርሃኑ ጐን ለጐን እየዳሰሰው ሲያልፍ፣ መቀሱ የሳተው ጕብታ ሁሉ የየራሱን ጥላ ይጥላልና፣ አትክልተኛው ገመድ ወጥሮ ይሥራ ወይም በዐይኑ ግምት ብቻ ይለፍ፣ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ከዚያ ጐንበስ ብሎ ግርጌውን ማየት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ አላውቅም። አናቱ ሰፍቶ እንደ ጃንጥላ ታችኛውን ከጋረደው፣ ብርሃን የተነፈገው ቅጠል ረግፎ ግንዱ ዕራቁቱን ይቀራል፤ ዐዋቂው ግን ግርጌውን ከአናቱ በጥቂቱ አስፍቶ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የፀሐይ ድርሻውን ስለሚሰጥ፣ አጥሩ እስከ አፈሩ ድረስ ለምልሞ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን አጥር በአንድ ወቅት ጥረት የሚያገኘው የለም።

የተክሉም ጠባይ በፍርዱ ውስጥ ይግባ። ወርቃማ ቅጠል ያለው ዱራንታ ቸር ነው፤ መቀስ ጠልቆ ቢገባበት ለጊዜው ግንዱና አረንጓዴው ይገለጥ እንጂ ዳግመኛ አቈጥቍጦ ይሸፍነዋል። የፈረንጅ ጥድ ግን ይቅርታ አያውቅም፤ ለምለሙን አልፎ ደረቁን እንጨት የነካበት እጅ ጠባሳውን ለዘለዓለም ትቶበት ይሄዳልና፣ በጥድ ላይ የተሠራ አንድ ንጹሕ ሾጣጣ ከብዙ የዱራንታ ክብ የበለጠ ክብር ይገባዋል። ቡጋንቪላን እንደ ግድግዳ ዘወትር የሚላጩትንስ ምን እንበላቸው? አበባው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ገና ሳይፈነዳ በመቀስ ያጭዱታል።

እንስሳ ለመቅረጽ የሚደፍር ሰው በሐዋሳ ጨካኝ ዳኛ ይጠብቀዋል፤ ሕያው አባ ኮዳ በሐይቁ ዳር ቆሞ ሳለ የቅጠል አባ ኮዳ ሠርቶ ማሳየት ቀላል አይደለም፤ በተለይም ቀጭን እግር በቅጠል አይቀናም፤ ወይ ወፍሮ ምሰሶ ይሆናል፣ ወይ ተራቁቶ ቅርጹን የያዘው ሽቦ ይታያል። ከእንዲህ ያለው ወፍ ልከኛ ክብ ይሻለኛል።

በመጨረሻ ቅጠሉን ቀርቦ ማየት ያሻል። በተሳለ መቀስ የተቈረጠው ጫፍ ንጹሕ ነው፤ በደነዘው የተቀጠቀጠው ግን በጥቂት ቀን ቡናማ ይሆንና አጥሩን በሙሉ የተለበለበ ያስመስለዋል። መሬት ላይ የወደቀውም ጥራጊ አይናቅ፤ ለጋና አጭር ከሆነ ሠሪው በየጊዜው እየተመላለሰ ጥቂት በጥቂት ሲከረክም ኖሯል፤ ጣት የሚያህል ጕማጅ ከበዛበት ግን ተክሉ ለብዙ ጊዜ ተረስቶ፣ እንግዳ ሲመጣ በችኰላ የታረደ ነው።