ቤታችን የገባው አማርኛ

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ከተሸፋፈነች በኋላ፣ «አባዬ፣ በጣም እወድሃለሁ። ይህንን እንድታውቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔም «እሺ፣ በይ ተኚ» ብዬ መብራቱን አጠፋሁ። ሳሎን ስመለስ ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። «ምናለ አንድ ነገር ብትላት?» አለችኝ። የሚባለው ጠፍቶኝ ነው ብል ማን ያምነኛል? በብዕሩ እንጀራ የሚበላ ሰው ለሰባት ዓመት ልጅ መልስ አጣ!

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ ሁለተኛው ነው። «ይህንን እንድታውቅ እፈልጋለሁ»። እንዲህ ያለ አማርኛ እኔ ቤት የሚናገር የለም። እናቴ አትናገረውም፤ ባለቤቴ አትናገረውም፤ የልጄ አስተማሪም የምትናገረው አይመስለኝም። ሰዋስዉ ጤነኛ ነው፤ ቃላቱም ሁሉ የራሳችን ናቸው፤ ነገር ግን ወላጅ አልባ ነው። ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። በማግስቱ ማታ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ፣ ካፖርት የለበሰ አንድ የኢስታንቡል ወጣት በጠራ አማርኛ ለአንዲት ልጃገረድ ያንኑ ሲላት ሰማሁት።

መቼም የአብዛኛው የከተማ ቤተሰብ ነገር ይታወቃል። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፤ የተቀመጠውም ሳሎን ነው። ሳሎኑ መብያም ነው፣ ማጥኛም ነው፣ አንዳንዴም መኝታ ነው። አያት፣ እናት፣ የቤት ሠራተኛና ልጅ እኩል ያፈጣሉ። የልጆች ፕሮግራም የሚባል ነገር ቢኖርም፣ ልጅ ልብ ብሎ የሚያየው ለእርሱ ያልተዘጋጀውን ነው። ትልልቆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው የሚያዩት ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ይጓጓልና።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የተነሣውን ጫጫታ አንባቢ ያስታውሳል። «ኩዚ ጉኒ» ስንት ቤት እራት አዘግይቷል! (ቱርኮቹ ኩዚ ሲሉ ሰሜን፣ ጉኒ ሲሉ ደቡብ ማለታቸው ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች መጣላት ከስማቸው የጀመረ መሆኑን ግን እኛ ሳናውቀው አለቀስንላቸው።) የዚያን ጊዜ ሙግት በሁለት ነገር ላይ ያጠነጠነ ነበር። አንደኛው ባህል ነው፤ ስለ መሳሳሙ፣ ስለ አለባበሱ። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ የአገር ውስጥ ባለሙያ እንጀራ ሊዘጋ ነው የሚል። ሁለቱም የሚናቁ አልነበሩም። ሆኖም ስለ አማርኛው አጥብቆ የተናገረ ሰው ትዝ አይለኝም። መሳሳሙን በሪሞት ኮንትሮል ማለፍ ይቻላል፤ ባለቤቴ በዚህ የተካነች ናት። አማርኛውን ግን ምን ታልፈዋለህ?

የእኔ ትውልድ ቋንቋን ከቴሌቪዥን አልተማረም ማለቴ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ነበሩልን። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ ከልጆች ጋር ተረት መጫወት ጀምረው፣ ከ40 ዓመት በላይ የቆዩበት ሰው ናቸው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አያትም አባትም ልጅም እኩል «አባባ» ብለው የሸኟቸው ለዚህ ነው። እኔ የደረስኩት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው፤ ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን። ሴት ተዋናይ ባልነበረችበት ዘመን መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ በድምፃቸው ሁሉን መሆን የሚችሉ ሰው ነበሩ። አንበሳው ሲያገሣ እናምናለን፤ ጦጣዋ ስታሾፍ እንስቃለን። ግን ለጨዋነት ብዬ የምደብቀው ነገር የለም፤ ተረቱ ሲያልቅ ምክር እንደሚመጣ እናውቅ ነበር፤ ምክሩ ሲጀመር ዓይናችን በሩን ያያል።

ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣ። ፀሐይ ስድስት ዓመት የሆናት ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። በአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ጠያቂው ትልቁ ሰው ነበር፤ በፀሐይ ጠያቂዋ ልጅቱ ራሷ ሆነች። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ብዙም ያልተነገረለት። ብሩክታዊት አስተማሪ ነበረች፤ አማርኛዋም ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ልጄ እጅ መታጠብን ከእኔ ይልቅ ከፀሐይ መማሯን ሳልቀና እመሰክራለሁ።

እንግዲህ ሁለቱም ፕሮግራሞች ልጅን ያናግራሉ። ልጅ ግን የመዋደድንም የመጣላትንም ቋንቋ የሚማረው ሲያናግሩት አይደለም፤ ጆሮውን ጥሎ ሲሰማ ነው። እናት በወጥ ቤት በር በኩል ለአባት የምትለውን፣ አባት ስልክ አንሥቶ ለወንድሙ የሚለውን። ድራማ ደግሞ ሥራው ይኸው ነው፤ የሰው ቤት በር ገርበብ አድርጎ ያስደምጣል። ስለዚህ በሳሎናችን እውነተኛው የአማርኛ አስተማሪ የተተረጎመው ድራማ ሆኖ ተገኘ።

ለባለሙያዎቹ የሚገባቸውን ልስጥ። የሌላ ሰው ከንፈር ላይ አማርኛ መጫን ቀላል ሥራ አይደለም። ቱርኩ አፉን ከገጠመ በኋላ አማርኛው ሊቀጥል አይችልም። የእኛ አክብሮት ደግሞ ረጅም ነው፤ «ና» በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ «ይምጡ» ግን ቦታ ይጠይቃል። ድምፃቸውን የሚያውሱት ወጣቶች ይህን ሁሉ ችለው፣ ሲያለቅሱ ያስለቅሱናል። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጋር ሲነጻጸርም ብዙ ተሻሽለዋል።

ይሁን እንጂ ኢስታንቡል እየተመላለሰች ልብስ የምታመጣ ጎረቤት አለችን። ለመከራከሪያ የሚበቃ ቱርክኛ ከገበያው ለቅማለች። አንድ ቀን ቡና ላይ ስለዚህ ነገር ሳነሣባት፣ በስልኳ የቱርክኛውን ቅጂ ከፈተችና አብረን ማየት ጀመርን። ለካስ ቱርኮች እንደኛው ናቸው! «ሴን» እና «ሲዝ» ይላሉ፤ አንተና እርስዎ መሆኑ ነው። ታላቅ ወንድምን «አቢ»፣ ታላቅ እኅትን «አብላ» ይሉና፣ ከዚያ ባዳውንም ሾፌሩንም ባለሱቁንም በዚሁ ይጠሩታል። ጋሼና እትዬ ማለት አይደለም? እናት ልጇን ስታባብል «ኩርባን ኦላይም» ትለዋለች፤ ቁርባን ልሁንልህ፣ መሥዋዕት ልሁንልህ። ቃሉ ሳይቀር ከእኛው ቁርባን ጋር አንድ ዘር ነው። የእኔ እናት «ልሙትልህ» ወይም «አፈር ስሆን» የምትለው ይኸው ነው። ምግብ ላቀረበች ሴት ደግሞ «ኤልሌሪኔ ሳልክ» ይላሉ፤ ለእጆችሽ ጤና ይስጥ። እጅሽ ይባረክ!

በአማርኛው ቅጂ ያው ሰውዬ፣ በዚያው ማዕድ፣ ለዚያችው ሴት «አመሰግናለሁ» ብሏት ቁጭ ይላል። ከንፈሩ «እጅሽ ይባረክ»ን ሊሸከም ይችል ነበር፤ እኔ ሦስት ጊዜ ወደኋላ መልሼ ለካሁት፣ በትክክል ይገጥማል። ስለዚህ ሁሉም ጥፋት የከንፈር አይደለም። ከሁለት የተጠጋጉ ቤቶች መካከል ሦስተኛ፣ ሩቅ አገር የኖረ ሰው ቆሞ የሚያስተረጉም ይመስላል። ጠረኑ የእንግሊዝኛ ነው። «ደህና ነህ?» ይባላል ደም የሚፈሰው ሰው። «በጣም አዝናለሁ» ይባላል ለቅሶ ቤት። እግዜር ያጽናችሁ የሚል ጠፍቶ ነው? በቱርክም በኛም ሐዘንተኛ የሚጽናናበት የተሠራ ቃል ሳለ፣ ሁለቱም አገር የሌለ አማርኛ ተፈበረከ።

ጣጣው ወደ ሰፈር ወጥቷል። በራችን ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ጡረተኛ አዛውንት አሉ። ልጄ በቀደም ቆም ብላ፣ «ዛሬ ጥሩ አልመሰልከኝም፤ ሁሉም ነገር ደህና ነው?» አለቻቸው። አዛውንቱ ማን እየተጠየቀ እንደ ሆነ ለማየት ዞር ዞር አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቱ ግን ባለጌ አልነበረችም። ስለ ሰውየው ከልቧ ተጨንቃ ነበር። እኔ በልጅነቴ አንቱታውን አሳምሬ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብዬ የማልፋቸው ሽማግሌዎች ታመው እንደ ሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እዚህ ላይ ነው ሂሴ የሚደናቀፍብኝ።

አባቴ እወድሃለሁ ብሎኝ አያውቅም። ከሥራ ሲገባ «በላህ?» ይለኛል። በላሁ ካልኩት ቃለ መጠይቁ አለቀ። አንድ ቀን፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከባድ ዝናብ ወርዶ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥላ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ከሥራው አስፈቅዶ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ነው የመጣው። ምን አለኝ? «ጫማህን አበሰበስከው» አለኝ። እስከ ቤት ጥላው ከእኔ በላይ ነበር፤ እርሱ ግራ ትከሻው ውሃ ሲጠጣ ደረሰ። እኛ ይህንን ፍቅር ነው ብለን የተረዳን ሰዎች ነን፤ አሁንም ነው እላለሁ። የእኛ አማርኛ ፍቅርን በጉርሻ፣ በመሐላና በሞት ነው የሚናገረው። «በሞቴ ጉረስ» ይላል። ወላጅ ሴት ልጁን «እናቴ»፣ ወንዱን «አባቴ» ብሎ ይጠራል። ይህን ያህል ጥልቅ የሆነ ቋንቋ፣ ማታ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ «እወድሻለሁ» ልበል ስትል ምላስህን ያስርብሃል።

ልጄ ያንን ቋጠሮ ፈታችው። የፈታችበት ቁልፍ ከባዕድ ድራማ የተገኘ፣ አሠራሩም ሸካራ ነው። ግን በሩ ተከፈተ። እኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ላባቴ ያልተናገርኩትን እርሷ በሰባት ዓመቷ ተናገረችው። ይህን አይቼ «አማርኛችን ተበላሸ» ብሎ መጮህ ያሳፍረኛል።

ዝም ማለትም አልቻልኩም። ባለፈው ፋሲካ እናቴ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዶሮውን ቆራርሳ ጠቅልላ፣ «ልሙትልሽ የኔ እናት፣ እንኪ» ብላ ስታጎርሳት፣ ልጅቱ አፏን ዘጋች። «ለምን ትሞቻለሽ? አትሙቺ» አለቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ሁላችንም ሳቅን። እናቴም ሳቀች። ሁለተኛውን ስትጠቀልል ግን «እንኪ» ብቻ አለች። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ስድስት ልጅ ያሳደገችበትን ቃል ልጅቱን እንዳያስፈራባት መለሰችው። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ስትመጣ ያንን ቃል ስትል አልሰማኋትም።

የቱርኩ እናት «ኩርባን ኦላይም» ስትል አማርኛው «ልሙትልህ» ቢል ኖሮ፣ ልጄ ቃሉን ከሁለት በኩል ትሰማው ነበር። ከስክሪኑም ከአያቷም። ልብ በሚሰቅል ትዕይንት ላይ የሰማችውን ቃል አያቷ ስትለው አትፈራውም ነበር፤ እንዲያውም አያቷ የድራማ ሰው ትሆንላት ነበር። ባዕድ ድራማ የቤታችንን አማርኛ ሊያድስ ይችል ነበር ነው የምለው፤ ተርጓሚው አያቱን ቢያማክር።

ለነገሩ የራሳችን ደራሲዎችስ? «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ሲያወራ ምድር የረገጠ አማርኛ ነበር፤ አገር ሁሉ ይዞት ዞረ። የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» ላይም ጭቅጭቁና ሳቁ የሰፈራችን ነው። ሕያው አማርኛ ለክፉው ሰውና ለአሳቂው ተሰጥቶ አለቀ እንጂ! በድራማዎቻችን ሁለት ሰዎች ሊዋደዱ ሲቀመጡ ግን ባብዛኛው አማርኛው ወዲያው ክራቫት ያስራል፤ ደብዳቤ የሚያነቡ ይመስላሉ። አባት ልጁን ሊያቅፍ ሲል የሚናገረው ስብከት ነው። የፍቅር ንግግር የሚጻፍበት ወንበር ባዶ ሆኖ ቆየ፤ ባዶ ወንበር ላይ ደግሞ የመጣ ይቀመጣል። ቱርኮቹን ተሳድበን የምንወጣው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደግማ ሞከረችኝ። አልጋዋ ላይ ሳይሆን ሶፋ ላይ ነበርን፤ የቤት ሥራዋን እያየሁላት። «አባዬ እወድሃለሁ» አለችኝ፣ ያለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር። ተዘጋጅቼበት ነበርና «እኔም» አልኳት።

«እኔም ምን?» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ስጠርግ የድራማው መክፈቻ ሙዚቃ ጀመረ። እናቴ ከወጥ ቤት «ጀመረ እንዴ?» ብላ ተጣራች። ልጄ ደብተሯን ጥላ፣ ለአያቷ ትራስ ልታመቻችላት ሮጠች።