የዝርያው መረጃና የሎቱ መረጃ

ግንቦት ሲገባ ደምበጫ አካባቢ የዘር መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ይበዛበታል፦ «የቢኤች 540 በቆሎ ብቅለቱ ስንት ነው?» ብዙ ጊዜ መዝገቡ ከዝርያው ስም ጎን አንድ ቁጥር ይዞ ይጠብቃል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ብቅለት የሎቱ ነው፤ በአንድ ማሳ የተባዛ፣ በአንድ መጋዘን የከረመ ዘር ጠባይ። ያው ዝርያ ሆኖ ሌላው ሎት እርጥበት ገብቶት ይሆናል። ቁጥሩ በዝርያው ረድፍ ከሰፈረ የደህናው ሎት ውጤት የተበላሸውን ይሸፍነዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ክረምቱ ያለፈበት ገበሬ ነው።

የምርት ዕድሜ ዑደት ማስተዳደሪያ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ያደጉት አውሮፕላንና መኪና በሚሠሩ ፋብሪካዎች ነው፤ ለዘር ሥራም ይሆናሉ። ድቅል በቆሎ እንደ ሞተር የክፍሎች ዝርዝር አለው፦ ወላጆቹ እነማን ናቸው? ከሴቴው መስመር ላይ ወንዴ አበባው በወቅቱ ተነቅሏል? ማሳው ከሌላ በቆሎ ምን ያህል ይርቃል? በ2006 እ.ኤ.አ. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ጤፍም ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለ ነው። ይሁን እንጂ ጤፍ በራሱ ብናኝ ስለሚራባ ቁንጮ የሚባዛው ከቁንጮ ነው፤ ወላጆቹን በየዓመቱ መፈለግ አያሻም። ሁለቱ በአንድ ቅጽ ከተመዘገቡ የጤፉ ረድፍ ግማሹ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ቦታ ያየ መዝጋቢ ደግሞ የሆነ ነገር ይሞላበታል። እኔ የምመርጠው ለሁሉም የሚሆኑትን ጥቂት ዓምዶች፣ ማለትም መለያ ቁጥር፣ ስም፣ አውጪ ማዕከልና ሁኔታ፣ ከላይ አስቀምጦ የቀረውን በየሰብሉ መክፈል ነው።

«ሁኔታ» ያልኩት፣ ማለትም ዝርያው ይመከራል ወይስ አይመከርም የሚለው፣ ቀን ያስፈልገዋል። ኩብሳ ስንዴ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ክፉኛ ተመታ። ከዚያ በፊት የተሰጠው ምክር እንዴት እንደነበር የሚታወቀው የድሮው መዝገብ ሲጠበቅ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ መጻፍ ታሪኩን ያጠፋዋል።

ከተማችን በአንዱ ፋይል ደምበጫ፣ በሌላው ደንበጫ ተብላ ትጻፋለች፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ከተማ አድርጎ ይቆጥራታል። «የ2010 ምርት» የሚለውም በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ካልተገለጸ ሰባት ስምንት ዓመት ያዛንፋል፤ ለዘር ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከእንዲህ ያለ አለመጣጣም አልዳኑም። ሃምቡርግና ቱሉዝ ያሉ የኤርባስ መሐንዲሶች ካቲያ የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር የተለያዩ ትውልዶች በመጠቀማቸው የኤ380 የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አልገጥም አሉ፤ የአውሮፕላኑ ርክክብም ሁለት ዓመት ገደማ ዘገየ።

ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች፣ ቅጹን ከመንደፋችሁ በፊት መጋዘን ግቡ፤ ዘር የሚያበጥረውንና ከረጢት የሚሰፋውን ሰው ጠይቁ። ዝርያና ሎትን የሚለይ ሠንጠረዥ ካልሠራችሁ ሌላው ጌጥ ሁሉ ለገበሬው አይረባውም።