ስለ ሰብስትሪንግ አሠራርና ስለ ራያ ቆላ የቦታ ስሞች

ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት «ሰብስትሪንግ» የሚሉት አብሮት የተሠራ ተግባር አለው። ሥራውም ከረጅም ጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ቃል መዝዞ ማውጣት ነው። በአማርኛ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ፣ በራያ ቆላ አውራ ጐዳና ላይ ያሉትን ከተሞች ይዤ፣ «እህል ከቆቦ ወደ ጐብዬ፣ ከዋጃም ወደ ዓላማጣ ተጫነ» በሚል ዐረፍተ ነገር ፈተንሁት።

«ቆቦ» ብዬ ብጠይቀው ወዲያው አወጣ። ራሱን የቻለ ቃል ብቻ እንዲያወጣ ሳዝዘው ግን ባዶ መለሰ፤ «ከ» ከስሙ ጋራ ተጣብቃለችና። «ጎብዬ» እና «አላማጣ» ብዬም ብጠይቅ መልሱ ያው ባዶ ነው፤ በጽሑፉ ያሉት «ጐ» እና «ዓ» ናቸውና። እኛ ስናነብ አንድ የምናደርጋቸው ፊደሎች ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው፤ ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲመዘግብ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቍጥር ሰጥቶታል።

ነቀፌታዬ በተግባሩ ላይ አይደለም፤ እርሱ የታዘዘውን ፊደል በታማኝነት ይፈልጋል። ነቀፌታዬ ባዶውን መልስ «የለም» ብለን በምንተረጕም በእኛ ላይ ነው። የድርቅ ወይም የአንበጣ ወሬ ከቀበሌ ሪፖርቶች በዚህ መንገድ ቢለቀም፣ ጐብዬ በአንዲት ፊደል ምክንያት ከችግረኞች መዝገብ ትወድቃለች። የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ያየ አገር ይህን እንደ ቀላል ስሕተት ሊቈጥረው አይገባም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ «[ጎጐ]ብዬ» ብሎ ሁለቱንም ፊደል በቅንፍ ቢሰጡት ስሙ ይወጣል። ከዚያ አስቀድሞ ግን የየቦታውን ስም አጻጻፍ ከአገሩ ሰዎች ጋራ ሆኖ መሰብሰብ ያስፈልጋል።