ከጆሮ እስከ ትከሻ

ሱቄ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ትራስ ያነሣል። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጁ ጨመቅ ጨመቅ ያደርግና «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ይለኛል። የአንዱ ዋጋ የሌላውን አምስት እጥፍ ስለሆነ መጠየቁ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከመመለሴ በፊት «በጎንህ ነው የምትተኛው በጀርባህ? ፍራሽህስ ምን ዓይነት ነው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ወሬ የማበዛ መስሎት ይሰለቻል። የትራስ ሥራ በጭንቅላትና በፍራሽ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው፤ ክፍተቱን ሳላውቅ የቱ እንደሚሻለው እንዴት ልንገረው?

ይህን የተማርኩት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ነው። ወጣት ሳለሁ ፍራሽ አዳሽ ነበርኩ። ዱላና ሲባጎ ይዘን አዲስ አበባን ሰፈር ለሰፈር «ፍራሽ አዳሽ!» እያልን እንዞራት ነበር። የጠራን ሰው ግቢ ውስጥ ሸራ አንጥፈን ፍራሹን እንቀደዋለን፤ እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈውን ጥጥ አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን፤ በዱላ እየመታን እናፍታታዋለን፤ ከዚያ መልሰን ሞልተን በጆንያ መርፌ እንሰፋዋለን። ሥራው ሊያልቅ ሲል የቤቱ እመቤት «እስቲ ትራሱንም እይልኝ» ማለቷ አይቀርም። የሰውን አተኛኘት ከትራሱ ማንበብ የለመድኩት ያኔ ነው። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትራስ መሃሉ ጎድጉዶ ዳርና ዳሩ ይቆማል። በጀርባው የሚተኛው ሰው ትራስ ደግሞ ማጅራት የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ይሟሽሻል። የእናቶች ትራስ ሲቀደድ የቅቤ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። ጠጉራቸውን የተቀቡት ቅቤ ዓመት ከዓመት በአቡጀዲው ዘልቆ ጥጡን እንደ ሊጥ አያይዞት አገኘዋለሁ። እንዲህ የሆነውን ጥጥ ዱላም ፀሐይም አይመልሰውም፤ አውጥቶ ሌላ መሙላት ነው።

ዛሬ ጥጥ የሚያሞላ ሰው እየቀነሰ መጥቷል። በገበያችን ርካሹ ትራስ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነው፤ ፍራሽ ሲቆረጥ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ይሞላበታል። ሲጨብጡት ይጎረብጣል፤ ሲቆይ ስፖንጁ ቢጫ ይሆንና እየተፈረፈረ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከእሱ ከፍ የሚለው ፋይበር ነው፤ ገዢ በብዛት የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ፋይበር ነጭ ነው፤ ሁሉም አዲስ ሳለ ይለሰልሳል። ደህናው ፋይበር ግን እያንዳንዱ ክር ውስጡ እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው፤ ርዝመቱን ሙሉ እንደ ሽቦ ስፕሪንግ የተጠማዘዘ ነው፤ ላዩን ሲሊከን ተቀብቷል። ክፍት በመሆኑ አየር ይዞ ይነፋል። መጠማዘዙ ሲጫኑት መልሶ ያነሣዋል። ሲሊከኑ ደግሞ ክር ከክር እንዳይያያዝ ያንሸራትተዋል። ተራው ፋይበር ይህ ስለሌለው በጥቂት ወራት ጓል ጓል ይሆናል።

ይህን ልዩነት በሰው አንገት ላይ ነው የተማርኩት፤ እስካሁን ይጸጽተኛል። ሱቅ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አቅራቢ «አንደኛ ደረጃ» ብሎ ያመጣልኝን ፋይበር ሳልፈትን ሞልቼ ሸጥኩ። በሦስተኛው ወር አንድ አባት ትራሳቸውን ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና እጄን ይዘው ሆዱ ላይ አሳረፉት፤ ድንች የሞላ ከረጢት ይመስል ነበር። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንተ በዚህ ትተኛለህ?» ብቻ አሉኝ። ያን ማታ ደብተሬን አውጥቼ ከዚያ ፋይበር የሸጥኩላቸውን ሰዎች ቆጠርኩ፤ ያገኘኋቸውን ሁሉ በራሴ ወጪ ለወጥኩላቸው። ያላገኘኋቸውም አሉ። ከዚያ ወዲህ ፋይበር ስገዛ ከከረጢቱ አንድ እፍኝ አወጣለሁ፤ በሁለት መዳፌ መካከል እያሸሁ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። ስለቀው ከተበተነ እገዛለሁ፤ ኳስ ሆኖ ከቀረ ከረጢቱን አስሬ እመልሳለሁ።

ገዢ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ትራሱ ተሰፍቶ ነው የሚቀርብለት። እሱ ማድረግ የሚችለው ትራሱን ለሁለት አጥፎ ጥቂት ይዞ መልቀቅ ነው። ወዲያው ከተዘረጋ ጉልበት አለው። እንደታጠፈ ከቀረ፣ ቤት ውስጥ ያለው ትራስም ቢሆን ጊዜው አልፏል። ሌላው ዚፕ ነው። እኔ የምሰፋው ትራስ ሁሉ ጎኑ ላይ ዚፕ አለው፤ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነውን 800 ግራም አካባቢ ሞልቼ እሰጣለሁ፤ ባለቤቱ ተኝቶበት ሲያየው ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ዋጋው ዝቅ ያለ ግን የሚከፈት ትራስ፣ ዋጋው ሰማይ ከነካ ግን ከማይከፈት ትራስ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ውዱ ትራስ ዛሬ ዛሬ ሜሞሪ ፎም የሚሉት ነው። ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞት ይመጣል። መጀመሪያ የተሠራው ለመኝታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርለስ ዮስት የተባለ መሐንዲስ ለናሳ የአውሮፕላን መቀመጫ ሲያሻሽል የሠራው ነው። ሙቀትና ክብደት ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ለተስማማው ሰው እጅግ ጥሩ ነው፤ አንገታቸው እፎይ ያለላቸውን አውቃለሁ። ጠባዩን የሚገዛው ግን ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ጭንቅላት እስኪያሞቀው ድረስ ደርቆ ይጠብቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሰምጥና ሙቀቱን አልለቅም ይላል። እንደ ፋይበር በውሃ አይዘፈዘፍም፤ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲጨምቁት ይቀደዳል። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የመጣው ቁመቱ አይቀነስም። ፋብሪካው 12 ሳንቲ ሜትር ካለ 12 ነው።

ቁመት ነው ነገሩ። በጎኑ የሚተኛ ሰው ከጆሮው እስከ ትከሻው ጫፍ ያለውን የሚሞላ ወፈር፣ ጠንከር ያለ ትራስ ይፈልጋል። በጀርባው የሚተኛው መካከለኛ ይበቃዋል። በሆዱ የሚተኛው በጣም ስስ፤ ባይኖረውም ይሻለዋል። የሐመር ወንዶች ከአንድ እንጨት በተጠረበ ቦርኮቶ ተንተርሰው ይተኛሉ፤ የጠጉራቸው አሠራር እንዳይበላሽም ይጠብቅላቸዋል። የእንጨት ትራስ ምን ልስላሴ አለው? ከፍታ ግን አለው። ሰው ትራስ ሲመርጥ ልስላሴውን ብቻ ሲዳስስ ሳይ ቦርኮቶው ትዝ ይለኛል። ሌላው የሚረሳው ፍራሹ ነው። ፍራሽ ሲለሰልስ ትከሻ ይሰምጣል፤ ትከሻ ሲሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ ትራሱም መቀነስ አለበት። ፍራሽ ቀይረው ትራሱን ሳይቀይሩ «አንገቴን ያዘኝ» የሚሉ ሰዎች በየሳምንቱ ይመጣሉ።

በልመናም የማልሸጠው አንድ ትራስ አለ፤ የአራስ ልጅ ትራስ። ጥልፍ ያላት ትንሽ ትራስ ለዓይን ታምራለች፣ ለአራስ ጥየቃ ይዞ መሄጃም ትሆናለች። ነገር ግን የሕፃናት ሐኪሞች ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚተኛበት ቦታ ትራስ እንዳይኖር አጥብቀው ይመክራሉ፤ ሊያፍነው ይችላል። በዚህ ነገር ከብዙ አያቶች ጋር ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም እከራከራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው መጡ። ሲፈቱት ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ሜሞሪ ፎም ነው። «ልጄ፣ ይህ ትራስ ጠላኝ» አሉኝ። «ከተንተራስኩት ወዲህ አንገቴ አልዞር አለ። እንዳልተወው ልጄ በሰው ቤት ደክማ የገዛችው ነው።»

«በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት፣ እማማ?»

«በቀኜ።»

«ፍራሹስ?»

«ስፖንጅ ነው። መሃሉ ጎድጉዷል።»

ሱቁ ጥግ ለመፈተኛ ያስቀመጥኳት አልጋ አለች። እንደ ቤታቸው እንዲሆን አሮጌ ስፖንጅ አነጠፍኩና በቀኛቸው እንዲጋደሙ ለመንኳቸው። በጎን የተኛ ሰው አፍንጫው ከደረቱ መሃል ጋር በአንድ መስመር መዋል አለበት። የእሳቸው ጭንቅላት ወደ ላይ ተቀስሮ አፍንጫቸው ከመስመሩ ወጥቷል። በጣቴ ለካሁት። ትራሱ ሰባት ጣት ነው፤ ለእሳቸው ጠባብ ትከሻ፣ ያውም ፍራሹ እየዋጠው፣ አራት ጣት ይበቃ ነበር። በትራሱ ጥራት ላይ እንከን አላገኘሁም፤ ልጅቷ ደህና ነገር ነው የገዛችው። ለሌላ ሰው አንገት የተሠራ መሆኑ ብቻ ነው።

የፋይበር ትራስ አመጣሁ። አስተኛኋቸው፤ ዚፑን ከፍቼ አንድ እፍኝ አወጣሁ፤ እንደገና አስተኛኋቸው፤ ግማሽ እፍኝ አወጣሁ። በሦስተኛው አፍንጫቸው ወደ መስመሩ ገባ፣ ዓይናቸውንም ከደኑ። ያወጣሁትን በፌስታል አድርጌ «ይህን አይጣሉት፤ ትራሱ ሲሟሽሽ ይጨምሩበታል» አልኳቸው።

«የልጄንስ ምን ላድርገው?»

ቀን ቀን በጀርባቸው ጋደም ሲሉ ወገባቸውን እንደሚይዛቸው ነግረውኝ ነበር። በጀርባቸው አስተኝቼ የጅዳውን ትራስ ከጉልበታቸው ሥር አስገባሁት። ዝም ብለው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ትራሱን ዳበስ አደረጉትና «እዚህ ጋ ወደደኝ» አሉ። ሲነሡ መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሉት፤ አዲሱን ትራስ እኔ ይዤ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘኋቸው።